የሽንኩርት ሥርና የደብረ ማርቆስ ሙቅ ውሃ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሕዋስ ሲከፈል በዓይናቸው እንዲያዩ ፈልጌ የሽንኩርት ሥር ስላይድ ሠራሁ። በመጨረሻ ተሳክቷል። ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ባክኗል፤ ክፍል ሙሉ ልጅም ባዶ እጁን ሸኝቻለሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ይህ አይደርስም ነበርና ልጻፈው።

መነሻው ቀላል ነው። የአበሻ ሽንኩርት ገዝታችሁ የደረቀውን ሥር ላጡ። ግርጌው ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት። በሦስት በአራት ቀን ነጭ ሥር ያወጣል። ጠዋት ቆርጣችሁ፣ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት አሳድሩት። አንድ ባልደረባዬ "ዳግም አረቄ ይበቃዋል" ብሎኝ ነበር። አይበቃውም፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ጠንካራውን አልኮል ግዙ።

ጣጣው የመጣው ቀጥሎ ነው። የሥሩ ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። እንዲላቀቁ 60 ዲግሪ በሞቀ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እኔ የያዝኩት መመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ለዚህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ደግሞ አለን፤ ንብረት ክፍል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። ስጠይቅ "ሞዴል 20 ሙላ" ተባልኩ፤ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ነው። ሞላሁ። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተባለ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ያገኘሁት መልስ "መምህር፣ ቢሰበርስ ማን ይከፍላል?" የሚል ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ዕቃው እኮ የተገዛው እንዲሠራበት ነው። ሳይሰበር ቢያረጅ ማንን ሊጠቅም?

ቆሽቴ እያረረ፣ በስሌት ልወጣው አልኩ። የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ፣ የቧንቧው 20፤ እኩል ሲቀላቀሉ 60። የአሲዱን ብልቃጥ እዚያ ውስጥ ከትቼ ሰዓት ያዝኩ። በአምስተኛው ደቂቃ ሥሩን አወጣሁ። ጫፏን ቆርጬ፣ ቀለም ነክቼ፣ መሸፈኛ ብርጭቆ ደፍቼ በአውራ ጣቴ ስጫናት አልፈረሰችም። እንደ ጎማ ተመለሰች። ጠንከር ስል ብርጭቆው ቀጭ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተደራረበ ጥቁር ክምር ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ አዩና ዝም ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያ ዝምታ አይረሳኝም።

ምክንያቱ የገባኝ ማታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቧንቧው ውሃም ጠዋት 20 አይሞላም። የእኔ 60 ከመነሻው 54 ነበር ማለት ነው፤ ቀዝቃዛው ብልቃጥ ሲገባበት ደግሞ ይባስ ወረደ። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው!

ስለዚህ መመሪያው ያላችሁን አምስት ደቂቃ እርሱት። ሰዓቱን ሳይሆን ሥሩን እዩ። ነጣ ብሎ፣ በመርፌ ስትነኩት እንደ ተቀቀለ ድንች ሲላላ ነው የሚወጣው። ደጋ ላይ ከሆናችሁና ቴርሞሜትር ከተነፈጋችሁ ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቀላቅሉ። አሲዱን ግን ራሳችሁ ያዙት፤ ለልጅ አትስጡ። ስታቀጥኑትም አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ።

ከንብረት ክፍሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የራሴ ነገር ነው። በዚያ በከሸፈው ቀን፣ በአንዱ ስላይድ ጠርዝ ላይ ተለያይተው የሚታዩ ጥቂት ሕዋሳት ነበሩ። ሁሉም ክብ ኑክለስ ያላቸው፣ አንዱም ያልተከፈለ። "ምንም አይታይም" አልኩ። ትክክል አልነበርኩም። ሕዋስ በብዛት በሚከፈልበት በሥር ጫፍ ላይ እንኳ በማንኛውም ሰዓት አብዛኛው ሕዋስ ኢንተርፌዝ ላይ ነው፤ በአንዱ ክፍፍልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ማለት ነው። ያድጋል፣ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፣ የተሰበረ ነገር እንዳለ ያጣራል። ልከፈል ወይስ ልቆይ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ እነዚህን እንዳይከፈሉ ማን ከለከላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሰዓት አልቋል" አልኳት።

በሳምንቱ መልሱን ይዤ ገባሁ። ከእርሾ ጀመርኩላቸው። ሕዋስ መቼ እንደሚከፈል የሚወስነውን ነገር የፈለጉ ሦስት ሳይንቲስቶች አሉ። ሊላንድ ሃርትዌል የተመራመረው በዳቦ እርሾ ነው። ፖል ነርስ የተጠቀመበት እርሾ ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ የማሽላ ዘር ጠላ ነው፤ ስሙም ፖምቤ፣ በስዋሂሊ ጠላ ማለት ነው። የዳጉሳ ጠላ የሚያውቁ የጎጃም ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። ቲም ሃንት እ.ኤ.አ. በ1982 በባሕር እሾሃማ እንስሳ እንቁላል ውስጥ፣ ክፍፍል በመጣ ቁጥር ተጠራቅሞ የሚጠፋ ፕሮቲን አገኘ፤ ሳይክሊን ይባላል። ሳይክሊን ብቻውን አይሠራም። ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ነው "ቀጥል" የሚለው። ሦስቱ በ2001 ኖቤል ተሸለሙ። በ1987 የነርስ ቡድን፣ ያን የሳይክሊን ተጣማሪ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ለተበላሸበት እርሾ የሰውን ጂን ሰጠው፤ እርሾውም ተከፈለ። "አቁም" የሚሉ ፕሮቲኖችም አሉ። እኛ ውስጥ ፒ53 አንዱ ነው። እሱ ሲበላሽ ዲኤንኤው የተጎዳ ሕዋስ መቆም ሲገባው ይቀጥላል፤ ካንሰር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ አዲሱን ስላይድ አሳየኋቸው። በጣቴ ስጫነው ሥሩ እንደ ጭጋግ ተበተነ። 16ቱ ክሮሞሶሞች መሃል ላይ ተሰልፈው የቆሙበት ሕዋስ ወለል ብሎ ታየ። ያቺ ልጅ ረጅም ሰዓት አየችና ቀና ብላ "ያቆሙትንም ላያቸው" አለችኝ። ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብዬ ቆርጬ ሌላ ስላይድ ሠራሁላት። ረጃጅም ሕዋሳት፣ አንድም የሚከፈል የለም። ደብተሯን አውጥታ እነሱን ሣለች።