ዒድ ሙባረክ ከደሴ፤ እማ በሌለችበት

ዒድ ሙባረክ ወዳጆቼ! እንኳን ለ1447ኛው የዒድ አል-ፈጥር በዓል አደረሳችሁ። ጾማችሁንም ዱዓችሁንም አላህ ይቀበላችሁ። ሁዳዴ ላይ ያላችሁ ደግሞ በሰላም ለፋሲካ ያድርሳችሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። ደሴ አንድ ላይ ስትጾም ከረመች። ዛሬ እኛ ቤት ሁለት ድስት ተጥዷል። አንዱ የበዓሉ ነው። ሌላው የጎረቤታችን የእማሆይ ምስር ወጥ ነው። እህቴ ቅቤ የነካ ማማሰያ እንዳይገባበት ስትጠብቀው አረፈደች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንወስድላቸዋለን።

ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖት ነበር። ለዒድ ሶላት ወደ ሆጤ ስንሄድ ታናሽ ወንድሜ ክንዴን ይዟል። «እማ ብትኖር ጋቢ ደርቡ ትለን ነበር» አለኝ። ተክቢራው እስኪሰማ ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

እማን በኅዳር ቀበርናት። አላህ ይዘንላት። ያለ እሷ የመጀመሪያ ዒዳችን ነው።

ወንድሜ ዐይነ ስውር ነው። ሲወለድ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ነበረበት። እማ ማታ ማታ ሻማ ለኩሳ ፊቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ታደርግ ነበር። ብርሃኑን አይከተልም። አምባሮቿ ሲንቃጨሉ ግን ወደ ድምፁ ዞር ይላል።

ያኔ ሰው ሁሉ «ምን አድርገሽ ነው?» ይላት ነበር። አንዱ እርግማን ነው ይላል። ሌላው ዛር ይላል። ሃይማኖት ያውቃል የሚባል አንድ የተከበረ ሰው ቤታችን ቁጭ ብሎ፣ ቡናችንን ጠጥቶ፣ «ራሳችሁን መርምሩ፤ ያለ ምክንያት አይሆንም» አላት። ስሙን አልጠራም። እማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከቤት አላወጣችውም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባዋለች። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንዳያለቅስ አብሬው እገባለሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ነገሩ የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ እማን «እርጉዝ እያለሽ ትኩሳትና ሽፍታ ይዞሽ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ይዟት ነበር። ሩቤላ የሚባለው በሽታ እናትን በእርግዝናዋ የመጀመሪያ 3 ወራት ከያዛት የፅንሱን ዓይን፣ ጆሮና ልብ ሊጎዳ ይችላል። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው። እንዲህ ያለ ሞራ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተገፈፈ ልጁ የማየት ተስፋ አለው። ከዘገየ ግን አንጎሉ ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ ሞራው ቢነሳም ዓይኑ ብዙም አይጠቅመውም። በጊዜ ብንደርስ ያይ ነበር ብዬ አልምልም። ዕድሉን የነጠቀው ግን ያ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

እማሆይ የኛ ጎረቤት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን አቦል እየጠጡ እማን «ይህን እኮ የጌታ ደቀ መዛሙርትም ጠይቀዋል» አሏት። ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? አሉ። ጌታም፣ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው። እማ «እንዲህ ተብሏል?» አለች። ሁለቴ አስደገመቻቸው። ሲኒዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

ወንድሜን ቁርኣን ያስተማሩት ሸህ ደግሞ የዐበሰን ሱራ ነገሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ዐይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም መጣ። ነቢዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። እርሱ ፊታቸውን አላየም፤ አላህ ግን አላለፈውም፤ 80ኛው ሱራ በዚህ ወረደ። ያ ሰው በኋላ ከኛው ከቢላል ጋር ሙአዚን ሆነ። በረመዳን ቢላል ሌሊት ይጣራል። ሰዉ ኢብን ኡሙ መክቱም እስኪጣራ ይበላል፣ ይጠጣል። ንጋቱን አያይም፤ «ነጋ፣ ነጋ» ሲሉት ይነሳና ይጣራል። መዲና በእርሱ ድምፅ ጾም ትይዝ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ 11 ዓመቱ ነው። ያን ረመዳን ለሱሁር የሚቀሰቅሰን እሱ ሆነ። ዘንድሮም እሱ ነው።

በቀደር፣ በአላህ ውሳኔ፣ አምናለሁ። ምክንያቱን አላህ ያውቃል። ግን ሰዎች በቅንነት «አንተ ለእናትህ ፈተና ነህ፤ በአንተ ጀነት ትገባለች» ሲሉት ወንድሜ ይከፋዋል። «እኔ ፈተና ከሆንኩ ተፈታኙ ሌላ ሰው ነው። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» ይለኛል። ልክ ነው። ይህን ቃል ከአፋችን ብናወጣው ደስ ይለኛል።

እማ በመጨረሻው ሳምንቷ ጠራችውና «አፉ በለኝ» አለችው።

«ለምኑ?»

«ስለ ደበቅኩህ።»

ስለ ዓይኑ አላለችም። ክንዷን በእጁ ፈለገ። ከስታ ስለነበር አምባሮቹ ሰፍተው ወደ ክርኗ ወጥተዋል። አንዴ አንቃጨላቸውና «አፉ ብዬሻለሁ» አላት።

እማሆይ፣ ለዚያች ቡና አመሰግናለሁ። ሸሃችን፣ ለዐበሰ። የሰፈራችን ባለ ባጃጅ፣ ወንድሜን በየቀኑ ሥራ አድርሰህ በሩ ድረስ ስለምትሸኘው አላህ ይስጥህ። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምሩ፣ እባካችሁ፣ አራስ ቤት ስትገቡ «ምን አድርገሽ ነው?» አትበሉ። የልጃችሁ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ያያችሁ እናቶች፣ በዓሉ እስኪያልፍ እንኳ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እማሆይ ሰሞኑን የታሪኩን ቀሪ ነገሩኝ። ያ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ከዳነ በኋላ ወላጆቹ ተጠርተው ሲመረመሩ «ጎልማሳ ነው፣ እርሱን ጠይቁት» አሉ። ፈርተው ነው ያሉት። እኔ ግን ወደድኩት። ዛሬ ሆጤ ላይ አንድ ወዳጄ፣ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ እያለ፣ «ወንድምህ እንዴት ነው?» አለኝ። ጎልማሳ ነው፣ እሱን ጠይቀው አልኩት። ደንግጦ ሳቀና እጁን ጨበጠው።

ከሰዓት ብቅ በሉ፤ ቡናው ተጥዷል። ስትገቡ ስማችሁን ንገሩትና ዒድ ሙባረክ በሉት።