ጸሐፊዋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። ድምፅ አልባ ፊልሞችን ስለሠሩ ሰዎች የአሥር የአሥር ደቂቃ ዝግጅት ልንጀምር ነው። የመጀመሪያዋ ፈረንሳያዊቷ አሊስ ጊ ሆነች።

ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። ያመጣችው የክፍላችን ጸሐፊ ናት፤ ደብዳቤ የምትተይብ፣ የመኪና መጠየቂያ የምትሞላ ልጅ። አንድ ቀን በተበላሹ ደብዳቤዎች ጀርባ በእርሳስ የጻፈችውን ሦስት ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «ጊዜ ካገኘህ እየው» ብላኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አየሁት። አሊስ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ውስጥ የፎቶግራፍ ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠረች። በመጋቢት 1895 ከአለቃዋ ከሊዮን ጎሞን ጋር ሄዳ የሉሚየር ወንድማማቾችን ተንቀሳቃሽ ምስል አየች። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ያሳያል፤ በቃ። እሷ ግን «በዚህ ነገር ተረት ቢነገርበትስ?» አለች። አለቃዋን አስፈቀደች። ፈቀደላት፣ የደብዳቤው ሥራ እንዳይበደል ብቻ። እዚች ጋ የልጅቷ እርሳስ ወረቀቱን ሊቀድ እስኪደርስ አስምሮበታል።

በራሷ ማስታወሻ መሠረት በ1896 ከጎመን ውስጥ ሕፃናት እየለቀመች የምታወጣ ተረታዊ ሴት ያለችበትን አጭር ፊልም ሠራች። እስከ 1907 የድርጅቱን የፊልም ሥራ መራች። ከዚያ አሜሪካ ሄዳ በ1910 ሶላክስ የሚባል የራሷን ኩባንያ አቋቋመች፤ በኋላም ኒው ጀርሲ፣ ፎርት ሊ ውስጥ ስቱዲዮ ሠራች። ግድግዳው ላይ ለተዋንያን «ሁኔታችሁ የተፈጥሮ ይሁን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሰቅላለች። (ለእኛ ስቱዲዮም አንድ ቢሰቀልለት አይጠላም ነበር።)

ጽሑፉን ነካካሁት። ሁለት ዐረፍተ ነገር ቆረጥኩ፣ ሦስት «እንግዲህ» ጨመርኩ። ተቀረጸ፣ ተላለፈ።

በማግሥቱ አንጋፋው ኤዲተራችን ጠሩኝ። ከእሳቸው ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ያስፈራል።

«ይህን ጽሑፍ ማን ነው የጻፈው?»

«ጸሐፊያችን ናት ጋሼ።»

«ስሟ የታለ?»

«አለ እኮ! ጸሐፊ ብዬ አስገብቻታለሁ።»

«የቱን ጸሐፊ?»

መጨረሻውን ከፈቱልኝ። ተራኪው ስለ አሊስ ያወራል፤ ፊልሞቿ በሌሎች ሰዎች ስም እንደተመዘገቡ፣ በ1927 ፊልሞቿን ፍለጋ እስከ ዋሽንግተን ሄዳ አንድም እንዳላገኘች። ድምፁ ሳይጠፋ ከሥሩ «ጽሑፍና ዝግጅት» ብሎ የእኔ ስም ብቅ አለ። በትልቁ። የልጅቷ ስም ከብዙ ሰው በኋላ መጣ፤ «ጸሐፊ» ይላል፣ ቀጥሎ ሾፌሩ።

ክፋት አስቤ አልነበረም። እጄ ነው የለመደውን የጻፈው። እሷስ አይታው ነበር? አይታዋለች። ጠዋት ስገባ እንደወትሮው ሰላም ብላኝ የውሎ አበል ፎርሜን ሰጥታኛለች።

እሑድ ለሚደገመው ራሴ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። ጽሑፍ ብዬ ስሟን ከነአባቷ፣ ብቻውን፣ ከሁሉም በላይ አደረግኩት። ጠርቼ አሳየኋት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ቆየች። ምን ልትለኝ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«የአባቴ ስም በብዙኃኑ ኃ ነው» አለችኝ።