ሁለት ጭልፋና ምርቃቱ

ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ባንኮኒው ጋ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። እንዲህ ሲዘንብ ሰው ታክሲ ፍለጋ ይሯሯጣል እንጂ ራት ልብላ ብሎ አይገባም። የመጨረሻዎቹ ልጆች አንድ ሽሮ ለሁለት በልተው ከወጡ ቆይተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

አከራዬ ጠዋት ደውለው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ ከ45,000 ወደ 60,000 ብር ይገባል። "ልጄ፣ ያልጨመረ ነገር አለ እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ነው፣ የእኛን የንግድ ቤት አይነካም። የስድስት ወሩን ቅድሚያ ክፈይ ካሉኝ ደግሞ እቁቡ ገና አልደረሰኝም።

ደብተሬን አውጥቼ መደመር ጀመርኩ። የተጨመረው 15,000 ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 577 ብር ገደማ ነው። ሽሮ በቀን 40 ሳህን ያህል ይወጣል። አንዱ ላይ 15 ብር ብጨምር የኪራዩን ጭማሪ ብቻ ይሸፍንልኛል። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ከሰሉ፣ የልጆቹ ደሞዝ ገና አልተነኩም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት 100 ብር አለፈ። እኔን አይመለከተኝም ብዬ ነበር። የገባኝ የዘይት ጀሪካን ልገዛ ስሄድ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ሳምንት አልቀረውም። ለ15 ቀን ጥብሱ ይቆማል፣ ትርፍ ያለው እሱ ላይ ነበር። በጾም ሰው አይጠፋም፣ በያይነቱም ሽሮውም ይሄዳል፣ ግን ሁሉም የሚሠራው በዘይት ነው።

አሁን ሽሮው 130 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር ደንበኛው የሚከፍለው 149 ከ50 ነው። 145 ባደርገው 166 ከ75 ይሆንበታል።

ይህን ስደምርና ስቀንስ ዓይኔ ጭልፋው ላይ አረፈ።

እታለም ዛሬ ከገበያ ስትመለስ አዲስ ጭልፋ ይዛ መጣች። ምንም ሳትል ከአሮጌው ጎን ሰቀለችው። "ዋጋ ከምትጨምሪ በዚህ እንቅዳ፤ ማንም አያውቅም" አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው። ደሞዟ ሁለት ጊዜ ሲዘገይባት አንድ ቃል ያልተናገረች ሴት ናት።

ሁለቱንም አወረድኩና በውሃ ሞከርኳቸው። አሮጌው አንድ ብርጭቆ ጢም አድርጎ ይሞላል። አዲሱ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ያጎድላል። በአንድ ሳህን ሁለት ጭልፋ ስለሚቀዳ አራት ጣት ማለት ነው። እና ከሁለቱ ጭልፋ በኋላ እታለም ሁልጊዜ ጫፉን አንድ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ነከር አድርጋ ታንጠባጥባለች። ምርቃቱ ነው። በአዲሱ ጭልፋ ስትቀዳ ምርቃቱንም ትተወው ይሆን? አልጠየቅኳትም።

እማዬ ጉልት ትቸረችር በነበረ ጊዜ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። ገዢው ከፍሎ ፌስታሉን ካነሳ በኋላ መልሳ ትጠራዋለች፣ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግለታለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እናደድ ነበር። የጫማዬ ሶል ተቀዶ ዝናቡ ይገባል፣ እሷ ያልተከፈለበትን ሽንኩርት ትሰጣለች። አንድ ቀን ለምን እንደምትሰጥ ጠየቅኳት። "ያልመረቅሽው ሰው ይመርቅሽ ይመስልሻል?" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። ምርቃት ማለት ፍሬዋም ቃሉም መሆኑን ያወቅሁት ይህን ቤት ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ያወቅሁትም በጋሼ ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የሳቸው ናት። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ይገባሉ፣ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፣ ሽሮ ያዛሉ። ስልሳ ዓመት አልፏቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ መምህር ነበሩ። የመጨረሻዋን የእንጀራ ቁራሽ ሳህኑ ላይ ዞር ዞር አድርገው ጠርገው ይጎርሷታል። ብሩን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከዚያ ተነስተው "ቤታችሁ አይጉደል" ይሉናል። አንድም ቀን ሳይሉ ወጥተው አያውቁም። ጭልፋው ቢቀየር ያውቁ ይሆን? ቢያውቁም የሚናገሩ ሰው አይመስሉኝም። ያው መርቀውን ነው የሚወጡት። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው፤ አጉድዬባቸው አይጉደል ሲሉኝ ምን ብዬ አሜን እላለሁ?

ዋጋውን ብጨምርስ? ከሚቆጥሩት ብር ላይ በቀን 17 ብር ተጨማሪ ነው፣ በየቀኑ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ቢመጡስ? የተቀሩትን ቀናት የት ይበላሉ?

ሁለቱንም ጭልፋ አጥቤ መልሼ ሰቅያቸዋለሁ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ድስቱ ከረፋድ ጀምሮ እሳት ላይ ይሆናል። እታለም በጠዋት ስትገባ የትኛውን ላንሳ ብላ ታየኛለች። ምን ልበላት?