«ልጄ፣ ይቺ ቦታ ውሃ ይተኛባታል»

የመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የማቀድ ሥራ፣ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ከሰፈር ነዋሪዎች ጋር ያደረግነው አንድ ስብሰባ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ፓርክ። እኔ ስለ ሕንፃ ከፍታና ስለ ጥግግት እደሰኩራለሁ። ሰው ጭጭ። ለካ ግማሹ ቤቱን ካርታው ላይ እየፈለገ ነው!

አንዲት እናት ተነሱና ጣታቸውን አረንጓዴው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ይቺ ቦታ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይተኛባታል። ልጆቹን እዚህ ነው የምታጫውተው?»

የእኛ ካርታ ከፍታን የሚያሳየው በየ5 ሜትሩ በሚሰመር መስመር ነበር። የአንድ ሜትር ጉድጓድ በሁለት መስመር መሃል ሾልኮ ይቀራል። እሳቸው ግን በእግራቸው ያውቁታል።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የነዋሪውን ተሳትፎ በ8 እርከን መሰላል መስላ ጽፋለች። ከታች ሰውን መጠምዘዝ፣ ከላይ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። ማሳወቅና ማማከር መሃል ላይ ናቸው፤ ብቻቸውን ከቀሩ የይስሙላ ናቸው ትላለች። ሳነበው ደነገጥኩ። እኛ ሰው የጠራነው ካርታው ካለቀ በኋላ ነበራ! የቀረው ፊርማ ብቻ።

አሁን ቀለም ከመቀባቴ በፊት ባዶ ካርታ ይዤ ከነዋሪዎች ጋር ሰፈሩን በእግር እዞራለሁ። ወረቀቱን በትልቁ አሳትማለሁ፣ እያንዳንዱ ጣሪያ እንዲታይ። ስብሰባው ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። ተከራዮች ግን አሁንም ብዙም አይመጡም። «ነገ ለምለቀው ቤት?» ይሉኛል። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

የእናትየው ቦታ? ካርታው ላይ ሰማያዊ ሆነ፣ የውሃ ቦታ። መጫወቻው ወደ ዳገቱ ወጣ።