በደብረ ማርቆስ ሰማይ ላይ ካፕሮኒን ማስቀመጥ

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ያሉ ፎቶ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ፋታ የላቸውም፤ ባነሩ፣ ፖስተሩ፣ የአያት ፎቶ ማሳደሱ ይደራረባል። በአንደኛው ቤት ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ምስል ታዘዘ። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም አመጽ ወቅት ከጮቄ ተራራ ግርጌ የቆሙ አርበኞች፣ ከበላያቸው ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላን፤ የዚያ ዘመን ፎቶ እንዲመስል። ዲዛይነሩ ከኢንተርኔት አንድ አውሮፕላን አውርዶ ቆረጠ፣ በስልክ በተነሳ የጮቄ ፎቶ ላይ ለጠፈ፣ ቡናማ ቀለም አለበሰው፣ የጭረት ሌየር (ከላይ የሚደረብ የምስል ንጣፍ) ደረበበት። ናሙናው ማታውኑ በቴሌግራም ለደንበኛው ሄደ።

በማግስቱ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ጡረተኛ መምህር ስክሪኑ ላይ ዐዩት።

«ልጄ፣ ይኼ የማን አውሮፕላን ነው?»

«የጣሊያን ነው ጋሼ።»

«አይደለም። ክንፉ ላይ ያለውን ክብ እስኪ እየው። የእንግሊዝ ነው።»

አልተሳሳቱም፤ ስፒትፋየር ነበር። ስፒትፋየር በ1930 መጨረሻ ገና ለእንግሊዝ አየር ኃይል መታደል የጀመረ አውሮፕላን ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ያለችው ማልታ እንኳን ተዋጊው ስፒትፋየር የደረሳት በየካቲት 1934 ነው፤ ያኔ ጎጃም ነፃ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነበር። ደንበኛው ይህን ባያውቅም ባነሩ ሥር ቆመው ከሚያዩት መካከል የሚያውቅ ይኖራል። አያቱን ከሰማይ በወረደ ቦምብ ያጣ ሰው የሚያየው ምስል ላይ ደግሞ የገዳዩ ማንነት መሳሳት የለበትም።

ስለዚህ ሥራው ከዓመቱ ተጀመረ። ለ1930 የሚስማማው ካፕሮኒ 133 ነው፤ ጣሊያን በኢትዮጵያ ለቦምብም፣ ለጭነትም፣ ለወታደር ማመላለሻም ይጠቀምበት ነበር። ሦስት ሞተር አለው፦ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ክንፎቹ ላይ። ክንፉ ከገላው በላይ የተቀመጠ፣ ጎማው የማይታጠፍ ነው። የክንፉ ስፋት 21.24 ሜትር፣ ርዝመቱ 15.36 ሜትር ነው። ሲአር 42 የሚባለውን ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ማስገባት የሚያምራቸው አሉ፤ እሱ ግን አገልግሎት የጀመረው በ1931 ስለሆነ ለዚህ ምስል አይሆንም። ምልክቱም በዓመት ይለያያል። በ1930 የጅራቱ መሪ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቋሚ ሰንበር ነበረ፤ ነጩ መስቀል የተተካው ጣሊያን በ1932 ወደ ዓለም ጦርነቱ ከገባች ወዲህ ነው። ክንፉ ሥር በክብ ውስጥ ሦስት የፋሽስት ምልክት ይገባል። ምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ብዙዎቹ ካፕሮኒዎች የዝሆን ጥርስ መልክ ያለው ቀለም ተቀብተው፣ የክንፋቸው ጀርባ ላይ ቀያይ ሰንበሮች ነበሯቸው፤ በረሃ ወይም ጫካ ውስጥ ቢወድቁ ከአየር ላይ እንዲታዩ ነው። ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ግን የክንፉ ጀርባ አይታይም። አውሮፕላኑ ካላጋደለ በቀር እነዚያን ሰንበሮች መሣል ስህተት ነው።

የካፕሮኒ ጥሩ ፎቶ በሚፈለገው አቅጣጫ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ቤቱ የተጠቀመው 1 ለ72 የሆነ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ክንፉ 29.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሞዴል ሲነሳ አሻንጉሊት የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ስለሚጠጋው ነው፤ የካሜራው ርቀት የእውነተኛው አውሮፕላን ርቀት ለ72 ተካፍሎ የሚገኘው መሆን አለበት። አውሮፕላኑ ከፎቶ አንሺው 150 ሜትር ርቆ የሚበር ከሆነ፣ 150 ለ72 ሲካፈል 2.08 ሜትር ይመጣል፤ ካሜራው እዚያ ይቆማል። ሌንሱ ትልቅ ቢሆን ችግር የለውም፤ የቅርጹን ምጥጥን የሚወስነው ርቀቱ እንጂ ሌንሱ አይደለም። በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ ጠቦ) ሲነሳ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሞዴሉ ከኋላው በቀጭን ሽቦ ይያዛል፣ ፕሮፔለሮቹ ይነቀላሉ፤ በኋላ ፎቶሾፕ ላይ ለብቻ ይገባሉ።

ቀጥሎ መጠኑ ይሰላል። የዘመኑ ፎቶ በሌይካ ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተነሳ ነው ከተባለ፣ 21.24 ለ150 ተካፍሎ በ50 ሲባዛ ፊልሙ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ፊልሙ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው አውሮፕላኑ የምስሉን አንድ አምስተኛ ይይዛል። የመጀመሪያው ናሙና ላይ ግማሹን ሰማይ ሸፍኖ ነበር፤ በዚያ ሌንስ እንዲያ የሚታይ ካፕሮኒ ከፎቶ አንሺው ከ60 ሜትር ብዙም አይርቅም።

ብርሃኑ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። የጮቄው ፎቶ የተነሳው እኩለ ቀን ላይ ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ላይ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይቀራል። የወረደው ስፒትፋየር ግን ከጎን በዝቅተኛ ፀሐይ የበራ ነበር። መፍትሔው መልክዓ ምድሩን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ማንሳት ሆነ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፣ ጥላ የቁመት ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ የአውሮፕላኑ ጎንም ይበራል። ሞዴሉም ግቢ ውስጥ በዚያው ሰዓት፣ ፀሐይ በዚያው ጎን ሆና ተነሳ። ይህ ከተስተካከለ ፎቶሾፕ ላይ የሚቀረው ሥራ በግማሽ ይቀንሳል።

መልክዓ ምድሩም መጽዳት አለበት። የመብራት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የሞባይል ማማ ይወጣል። ጅብራ የጮቄ የራሱ ስለሆነ ይቀመጥ። አዊ ውስጥ ለሚያነሳ ሰው ዲከረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ የግራር ዝርያ ደን አደጋ ነው፤ እንዲያ የተንሰራፋው በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው።

ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ቁልፉን ተጭኖ መሄድ አይበቃም። ያኔ ቀይን የማያይ ፊልም በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ በእሱ ቀይ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ሰማይ ይነጣል። ይህን ለማምጣት ቻናል ሚክሰር (የየቀለሙን ድርሻ የሚወስነው የፎቶሾፕ መሣሪያ) ላይ ቀይ 0፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 60 ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ ቅንብር ግን የሐበሻ ፊት በጣም ስለሚጠቁር የአርበኞቹ ዓይንና ጉንጭ ይጠፋል፤ ፊታቸው ላይ ብቻ ቀይን እስከ 20 ከፍ አድርጎ አረንጓዴውን በዚያው መቀነስ ያስፈልጋል። ቡናማው ቀለም ይቅር። የዘመኑ የጋዜጣ ፎቶዎች በአብዛኛው ተራ ጥቁርና ነጭ ነበሩ።

ፕሮፔለሩ የቆመ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምር ከንቱ ነው። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞርና ካሜራው በ1/500 ሰከንድ ቢያነሳ፣ ምላጩ በዚያች ቅጽበት 24 ዲግሪ ይጓዛል። ስፒን ብለሩ (የሚሽከረከር ነገርን የሚያደበዝዘው የፎቶሾፕ መሣሪያ) ላይ 24 ይጻፋል። በ1/100 ከሆነ 120 ነው፤ ያኔ ምላጩ አይለይም፣ ስስ ክብ ብቻ ይታያል።

የተለጠፈው አውሮፕላን ጠርዝ ከ1 እስከ 1.5 ፒክስል ይለሰልሳል። ጥቁረቱ በርቀት ይደረደራል፦ ከፊት ያለው ጠመንጃ ከሁሉም ይጠቁር፣ አውሮፕላኑ ትንሽ ይሳሳ፣ ተራራው በጭጋግ ይገርጣ። ግሬይን (የፊልሙ ቅንጣት) የሚጨመረው ሁሉም ከተጣመረ በኋላ፣ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሌየር ለሙሉው ምስል ነው። ለየብቻ ሲጨመር ተለጣፊው ወዲያው ይለያል። አቧራውም ሥርዓት አለው፦ ኔጌቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል እንጂ ጥቁር አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የመጀመሪያው ናሙና «የ1930 እውነተኛ ፎቶ» እየተባለ በቴሌግራም መዞር ጀምሮ ነበር። ደንበኛው ደውለው አዲሱ ላይም «1930» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቁ። የቤቱ ባለቤት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ አሳማኝ ሆኖ የተሠራ ሐሰት ከደካማው ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ቅንብር ፎቶ» የሚለው ጽሑፍና የተሠራበት ዓመት ከአርበኞቹ እግር አጠገብ፣ ሣሩ ላይ ገባ፤ ኅዳጉ ላይ ቢሆን በስልክ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ያው ቃል በፋይሉ ስምና በመረጃ መስኮቱ ውስጥም ተጻፈ፣ ለደንበኛውም የተላከው ሌየሮቹ ተዋህደው ነው።