የተላጠችው ዳዶ

ቅዳሜ ጠዋት የጀመርኩት ሥራ ሰኞ ማታ አለቀ። ሲነገር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የግራውን የፊት ፍሬን የጎማ ቱቦ ፈትቶ በአዲስ መተካት።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት፣ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለች ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ግራ ትጎትተኝ ጀመር። ቆሜ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ሳስጠጋ የቀኙ ለብ ያለ ነበር፤ የግራው ግን እጅ አያስቀርብም። ቤት ገብቼ በክሪክ ሳነሳት የግራው ጎማ በእጅ አልዞር አለ፤ ካሊፐሩ (የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ገርበብ ሳደርጋት ግን ዘይቱ ፈነጠቀና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ። የፍሬኑ ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ፔዳሉን ስንረግጥ ኃይለኛው ግፊት ዘይቱን በጠበበው ቀዳዳ በግድ ያሳልፈዋል፤ እግራችንን ስናነሳ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ካሊፐሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስባት መኪና ስለሆነች ነገሩን ለሌላ ቀን ማሳደር አልፈለግሁም።

ያስቸገረችኝ የጎማው ቱቦ ዘይቱን ከሚያመጣው የብረት ቱቦ ጋር የሚጋጠምባት ዳዶ፣ ማለትም ባለ ጥርስ ማሰሪያ ናት። በ10 ቁጥር ቁልፍ የምትፈታ ትንሽ ነገር ስትሆን፣ የስንት ክረምት ጭቃና ዝገት ጠጥታ ከቱቦው ጋር አንድ አካል ሆናለች። በመሃሏ ቱቦ ስለሚያልፍ ዙሪያዋን የሚያቅፍ ቀለበት ቁልፍ አይገባላትም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ቱቦውን የሚያሳልፍ ክፍተት ያለውና ከስድስቱ ጎኖቿ አምስቱን የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ አለ። እኔ ግን በእጄ የነበረው ሁለት ጎን ብቻ የሚነክሰው ተራ አፈ ክፍት ቁልፍ ነበርና በእሱ ገፋሁ። መጀመሪያ የላላች መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ቁልፉን ሳነሳው ግን ጠርዞቿ እንደ ሳንቲም ጫፍ ለስልሰው፣ አውራ ጣቴ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ቀርቶ አየሁ። በፓፓጋሎ ፒንሳ ስሞክራት ደግሞ የቀሩትንም ማዕዘኖች በላቸው።

ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በባትሪ መብራት ጠጋ ብዬ ስመለከት፣ ፓፓጋሎውን ስጫን ዳዶዋ ብቻዋን ሳይሆን የብረቱ ቱቦም አብሯት ሲጠማዘዝ አየሁ። ያ ቱቦ ከተሰነጠቀ ዘይቱ ይፈስና ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ሥራውን አቆምኩ። በእሳት ማሞቅ አንዳንዶች የሚያደርጉት ነው፤ ነገር ግን የፍሬን ዘይት የሚቀጣጠል ነገር ነው፣ አጠገቡም ጎማ አለ፣ ስለዚህ አላሰብኩትም። የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼ አሳደርኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ዕድሜ ልካቸውን በመካኒክነት ያሳለፉትን ጎረቤታችንን አማከርኳቸው። ጎንበስ ብለው አይተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ የጎማ ቱቦ የሚጣል አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አዲስ ገዝቻለሁ።»

«ታዲያ ቁረጠውና እሱን አዙረው። ዳዶዋን ያዛት እንጂ አታዙራት።»

ይህን ቃል እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው። ቅዳሜ የታገልኩት በአንዱ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ጥርሱ ከሁለቱም ወገን የሚፈታ መሆኑ አልታየኝም ነበር። የጎማው ቱቦ ጫፍ ትልቅ፣ ጠርዙም ያልተነካ ነው፤ ካሊፐሩ ላይ የታሰረ ስለሆነ ብቻ ነው መዞር የማይችለው። ከድጋፉ ጋር የሚይዘውን የብረት ክሊፕ ስቤ አወጣሁ፣ ሥሩ ዕቃ አስቀምጬ የጎማውን ቱቦ በቢላዋ ቆረጥኩት፣ ከዚያም ዳዶዋን ነክሶ በሚቆለፍ ፒንሳ እንዳትነቃነቅ አድርጌ ያዝኳት። 17 ቁጥር ቁልፍ ጫፉ ላይ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ስጫነው፣ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ያለ አንድ ድምፅ ሰጠና ዞረ። የብረቱ ቱቦ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሼ «ተመስገን» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በተላጠች ዳዶ ፍሬን አይታሰርም። ስለዚህ የብረቱን ቱቦ በሌላው ጫፉ ፈትቼ፣ ሰኞ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወስጄ በልኩ አዲስ አሠራሁ፤ የቱቦ ቁልፍም የዚያኑ ዕለት ገዛሁ። አዲሷን ዳዶ መጀመሪያ በጣቴ ብቻ፣ ጥርሷ ሳይጣመም መግባቱን እያረጋገጥኩ አሰርኳት፤ ቁልፍ ያሳረፍኩባት መጨረሻ ላይ ነው።

ማታ ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጣ «ርገጪ» ስላት እየረገጠች፣ «ያዢው» ስላት እየያዘች፣ አየሩን አብረን አስወጣን። ዘይቱ አረፋ የሌለበት ጥርት ያለ ሆኖ ሲወርድ ብሎኗን ዘጋሁና፣ የዘይቱን መያዣ ሞልቼ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ እርጥበት መኖር አለመኖሩን አየሁ።

ከዚያም ብቻዬን እስከ አራት ኪሎ ወርጄ፣ ዳር ይዤ ቆምኩና እጄን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጋሁ። ሁለቱም ለብ ብለው ነበር።