የእማዬ ጃንጥላ ወደ ቁልቢ

ድሬዳዋ የደረስኩት ታኅሣሥ 17 ቀን ነው። አክስቴ በር ላይ ስማኝ ስታበቃ ዕቃዬን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «ፔርሙሱን እኔ ልያዘው» አልኳት። ሻይ መስሏት ሳቀች። ኢንሱሊን ነው። የድሬ ሙቀት አያምርበትም፤ በረዶ ከነካውም ይበላሻል። ጠባዩ እንደ ሙሽራ ነው። አክስቴ ፍሪጇ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን ቦታ ስታመቻችለት እኔ የቀረውን ጓዝ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። መርፌ፣ የስኳር መለኪያ፣ ከረሜላ፣ ዳቦ ቆሎ። እና ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ።

ጃንጥላው የእማዬ ስለት ነው። በ13 ዓመቴ ስኳር እንዳለብኝ ሲነገራት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንደቆመች «የቁልቢው ገብርኤል፣ ልጄን ካዳንክልኝ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» አለች። አሁን 30 ሆኖኛል። ስኳሩም አለ፣ እኔም አለሁ። ታዲያ ስለቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? እቤታችን ለ17 ዓመት ስንከራከርበት ኖረናል። እማዬ «አልዳነችማ!» ትላለች። አባዬ ደግሞ «ከመልአክ ጋር ሒሳብ ልትተሳሰቢ ነው?» ይላታል። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጃንጥላውን ገዝታ አስታቀፈችኝ። «እሱ ያውቃል፤ አንቺ ብቻ ውሰጂለት» አለችኝ።

የቁልቢ በዓል ታኅሣሥ 19 ነው፤ በነቢያት ጾም መሀል ይውላል። ለኔ ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የኔ ዓይነቱ ስኳር ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቆም የሚመጣው ነው። መርፌ ካልተወጋሁ አልኖርም፤ ተወግቼ ካልበላሁ ደግሞ ስኳሬ ይወርዳል። የንስሐ አባቴ ነገሩን ከገባቸው ቆይቷል። «ከሥጋና ከወተቱ ጹሚ፤ ሰዓቱን ለጤነኛ ተይለት» ብለውኛል። ቁርባን ሌላ ነው። 18 ሰዓት ባዶ ሆድ ይጠይቃል፤ እሱን ከሳቸውም ከሐኪሜም ጋር እየተመካከርኩ ነው የማደርገው። ግን አባት መፍቀዳቸው አንድ ነገር ነው፣ ነጠላ በለበሰ ሕዝብ መሀል ጠዋት ዳቦ መግመጥ ሌላ። እውነቱን ለመናገር ከመርፌው ይልቅ ዳቦው ነው የሚያሳፍረኝ።

በ19 ዓመቴ አንድ ጸበል ቦታ ሰነበትኩ። አብረውኝ ያሉት «መርፌውን ተይውና እመኚ» አሉኝ። ተውኩት። በማግስቱ ያስመልሰኝ ጀመር፤ ትንፋሼ ፈጠነ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ነቅቼ ያየሁት የሆስፒታል ጣራ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ቶሎ ካልታከሙት ይገድላል። ጸበሉን አልተቀየምኩትም፤ ጸበሉ መቼ መርፌሽን ጣይ አለኝ? ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ጸበል ገብተው መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር!

ታኅሣሥ 19 ከሌሊቱ 9 ሰዓት በሚኒባስ ተነሳን። ከድሬ ቁልቢ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ ጋቢ ተከናነብን። በመብራቱ ሽው የሚሉት ነጭ ነገሮች ሁሉ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ድንጋይ የተሸከሙ አሉ፤ ሕፃን ያዘሉ አሉ። ቁልቢ ሳንደርስ መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

12 ሰዓት ላይ ነጠላዬን ጋርጄ ተወጋሁ፤ ዳቦዬንም እንደ ሌባ ዞር ብዬ በላሁ። ከማፈሬ የተነሳ ግማሹን መልሼ ከተትኩት። ሞኝነት ነበር። ዳገቱን ስናጋምስ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ፣ መዝሙሩ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጣቴን ወጋሁ። 54 ይላል። ከ70 ሲወርድ ነው መጣደፍ። ሚሪንዳውን ከፍቼ አንደቀደቅኩት።

«ምነው ልጄ፣ ደጁ ላይ ደርሰሽ? ዛሬን እንኳ አትታገሺም?» አሉኝ አንዲት እናት። ልመልስላቸው ብል ቃሉ አልመጣልኝም። ስኳር ሲወርድ አንደበትም አብሮ ይወርዳል። ከኋላቸው የነበረ የድሬ ልጅ «አቦ ተይያት እማማ፣ ስኳር አለባት! ወንድሜም እንደዚሁ ነው» አለ።

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ አጠገቤ የተጋደመውን ጃንጥላ አነሱና ዘርግተው ከፀሐይ ከለሉኝ። የገብርኤልን ስለት! ሳይሰጥ ተዘረጋ። ልከለክላቸው ፈልጌ ነበር፤ አቅም አልነበረኝም። 15 ደቂቃ ቆይቼ ስለካ 91 ሆኗል። የቀረውን ዳቦ እፊታቸው በላሁ። «ጨርሺው እንጂ» እያሉ ሲቆጡኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ ሕዝቡ እልል አለ። መጀመሪያ ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ ለዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ የኋላው ታሪካቸው ነው። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ፤ ያረፉትም እዚሁ ቁልቢ ነው። ስለታቸው የደረሰላቸው ሰው፣ በተሳሉበት ደጅ ታመው ሞቱ። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ ገብርኤልን አኩርፌው ነበር። ዛሬ እዚያ ግፊያ ውስጥ ሆኜ ሳስበው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ምን ብለው ለምነው ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስለት የሚቀበሉበት ጋ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመሀል አንድ ጊዜ ለካሁ፤ 126። ጃንጥላውን ስሰጥ ዘርፉ ላይ የመንገዱ አቧራ ነበረበት። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።

«ደረሰልሽ?» አለኝ ተቀባዩ፣ ቀና ሳይል።

«እየደረሰ ነው» አልኩት።

ይሄኔ ቀና አለ። ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ግን ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ሻማዋን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ አቀበለችው።